በትልቅ ጎማ ላይ የኮርቻ መያዣ አጠቃቀም፦ ከኮምቦልቻ ሜዳ እስከ ሐረጎ ዳገት

በሰርከስ የሚታየውን ባለ 20 ኢንች አንድ ጎማ ብስክሌት የለመደ ሰው ባለ 36 ኢንቹ ላይ ሲወጣም ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ነው። ሜዳ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድለታል። ከዚያ ኮርቻው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ጭኑ ይቃጠላል፣ ትንሽ ዳገት ሲመጣ ጎማው ቆም ይልና ሰውየው ወደ ኋላ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ጉልበት ስለጎደለው አይደለም፤ ጉልበቱ የሚደገፍበት ስላጣ ነው። ከኮርቻው አፍንጫ ላይ ያለው መያዣ የተሠራው ለዚህ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን እንዳይወድቅ የሚንጠለጠልበት ነገር ያደርገዋል፤ ያኔ መያዣው ራሱ ይጥለዋል።

መያዣው ምን ይሠራል

የዚህ ብስክሌት ፔዳል ያለ ሰንሰለት በቀጥታ ከጎማው መሐል ጋር የተያያዘ ነው። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የለም። ባለ 36 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር 2.87 ሜትር ገደማ ሲሄድ ባለ 20 ኢንቹ 1.6 ሜትር ብቻ ይሄዳል። በደቂቃ 80 ዙር የሚመታ ሰው በትልቁ ጎማ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 100 ዙር የሚመታ ደግሞ 17 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

የፍጥነቱን ዋጋ የሚከፍለው እግር ነው። የፔዳሉ ክንድ፣ ማለትም ፔዳሉን ከጎማው መሐል ጋር የሚያያይዘው ዘንግ፣ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከጎማው መሐል እስከ መሬት ያለው ርቀት 457 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ፔዳል ላይ ያረፈው ኃይል መሬት ሲደርስ ሢሶው ብቻ ይቀራል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት፣ በ100 ሜትር 8 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ ቢወጣ፣ የፔዳሉ ክንድ አግድም በሆነ ቁጥር ፔዳሉን በ30 ኪሎ ያህል መጫን አለበት። ዳገቱ በ100 ሜትር 15 ሜትር የሚነሳ ሲሆን ቁጥሩ 56 ኪሎ ይደርሳል። ይህ የነፋሱንና የጎማውን ሰበቃ ሳይጨምር ነው። የሰውየው ክብደት ወደ ማለቁ ነው ማለት ነው። ሰው ደግሞ ከክብደቱ በላይ ወደ ታች መጫን ከፈለገ በእጁ ወደ ላይ የሚስበው ነገር ያስፈልገዋል፤ ካልሳበ እሱ ከኮርቻው ይነሳል እንጂ ጎማው አይዞርም።

ሁለተኛው ሥራ ኮርቻውን ዝም ማሰኘት ነው። ቀኝ እግር ሲጫን ብስክሌቱ በአንድ በኩል፣ ግራ ሲጫን በሌላው በኩል ይጠመዘዛል። ትንሽ ጎማ ላይ ይህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ትልቁ ላይ ግን የሚጫነው ኃይል ስለሚበዛ ጎማው እንደ እባብ እየተጥመለመለ ይሄዳል። ከፊት ያለች አንዲት እጅ ይህን ታቆመዋለች። ሦስተኛው፣ ረጅም መንገድ የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ የሰውነት ክብደት በሙሉ በጭን መሐል ባለ አንድ መዳፍ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ቦታውም ይደነዝዛል። በመያዣው እየተረዱ በየ3 ደቂቃው ለ5 ወይም ለ10 ዙር ከኮርቻው ቀለል ማለት ደም እንዲዘዋወር ያደርጋል። ከደነዘዘ በኋላ ግን መውረድና መሄድ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ከመውጣታችሁ በፊት

ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ፔዳሉን የሚነካ፣ በእግር ጣቶች ሥር ሲረገጥ ደግሞ ጉልበት ትንሽ የሚታጠፍ ከፍታ ይኑረው። የኮርቻው አፍንጫ ትንሽ ቀና ይበል። ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት ወደ ፊት እየተንሸራተተ እጅ ሳይፈልግ ሸክም ይሆንበታል፤ መዳፍ ቶሎ የሚደክምበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ከኮርቻው ጋር የሚመጣው አጭር መያዣ ለአንድ እጅ ይበቃል። ሁለት እጅ ለማሳረፍ ወደ ፊት የወጣ ቱቦ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው ካልተገኘ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ደህና በያጅ ይሠራዋል። መጠኑን ግን እናንተ ንገሩት፦ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ፣ ከኮርቻው አፍንጫ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ እንደ «ቲ» 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ። የ22 ሚሊ ሜትሩ ምክንያት የተለመደው የብስክሌት መሪ ጫፍ መጠን ስለሆነ ነው፤ አሮጌ የብስክሌት መሪ ቆርጦ መጠቀምም ይቻላል፣ የመሪ ላስቲክም ልክ ይገባል። ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ ለመውጣት ሲዘሉ ጉልበት ይመታል። ርዝመቱን መጨመር የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን በረዘመ ቁጥር ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ጎማውን ብዙ ያዞረዋል፣ የኮርቻውን ብሎኖችም እንደ ረጅም መፍቻ ይነቀንቃቸዋል። ለመጀመሪያው ዓመት 15 በቂ ነው።

ቱቦውን በ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ አስበይዳችሁ፣ ላሜራውን የፊት መያዣው በታሰረባቸው ብሎኖች ከኮርቻው ሥር እሰሩት። የብስክሌቱን አካል እንዲበይድ አትፍቀዱለት፤ አሉሚኒየም ከሆነ በብረት ብየዳ አይያዝም፣ ብረት ቢሆንም የተጋለበት ቦታ ደክሞ ኋላ ሊሰበር ይችላል። የቱቦው ጫፎች ክፍት ሆነው መቅረት የለባቸውም። ክፍት ቱቦ ሰው ላይ ሲወድቅ እንደ ቀዳጅ ብረት ሥጋ ይበሳል። በቡሽ ወይም በተጠረበ እንጨት ድፈኗቸው፣ ከላይ አሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጣችሁ ጠምጥሙ።

ኮርቻው ሲታሰር ከኋላ ቆማችሁ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ እዩት። የመያዣው መሐልና የጎማው መሐል አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። የሁለት ጣት ያህል ዝንፍ ካለ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ በኩል ስትታገሉ ትውላላችሁ፣ ጥፋቱንም በራሳችሁ ሚዛን ላይ ትጥላላችሁ። በእጅ ብቻ የሚጠብቀው ማሰሪያ ለመያዣ ስቦ (መያዣውን ለመሳብ) አይበቃም፤ በመፍቻ የሚጠብቅ ባለሁለት ብሎን ማሰሪያ ይሻላል። ግራና ቀኙን አታለዋውጡ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ የሚዞር ስለሆነ ብስክሌቱ ዞሮ ከተነዳ ሁለቱም ፔዳሎች እየተፈቱ ይሄዳሉ።

ንፋሱን ከ35 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ባለው መሐል እንደ ክብደታችሁ ያዙት። የጎሚስታ መጭመቂያ የተዘጋጀው ለመኪና ስለሆነ መለኪያውን ሳያዩ አያስነፉ። የጎማው ንፋስ ካነሰ መንገዱ ወደ ጠርዝ ባጋደለበት ሁሉ ወደ ዳር ይጎትታል፣ ያንን ለመመለስ መያዣውን ሳያቋርጡ መጠምዘዝ ይመጣል። በጣም ከተነፋ ደግሞ የደሴን ኮብልስቶን እያንዳንዱን ድንጋይ ለመዳፋችሁ ይነግራችኋል።

እጅ እንዴት ይለምዳል

ያለ መያዣ 500 ሜትር ሳትወድቁ መሄድ ካልቻላችሁ ይህን አትጀምሩ። ከቻላችሁ የኮምቦልቻ ሜዳ ወይም የቆቦ ሜዳ ላይ፣ መኪና የማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ምረጡ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1፡30 ያለው ጊዜ ነፋሱም ሰውም የሚቀልበት ነው። ደሴ ላይ መለማመድ ይቻላል፣ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፣ የደከመ ሰው ደግሞ መያዣውን ያንቃል።

1. ስትወጡ የማይቀናችሁን እጅ መያዣው ላይ አድርጉ። ኮርቻውን ከጭናችሁ መሐል አስገቡ፣ የኋላውን ፔዳል ከአግድም ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ዘላችሁ ስትወጡ በመያዣው ኮርቻውን ወደ ራሳችሁ ያዙት። ኮርቻው ከሥራችሁ ሸሽቶ ወደ ፊት የሚያመልጠው ይህ ሲረሳ ነው።

2. ከተነሳችሁ በኋላ 20 ዙር ያህል ሁለቱንም እጅ ልቀቁ፣ ጎማው ፍጥነት ይያዝ። ከዚያ በሁለት ጣት ብቻ መያዣውን ንኩ፣ 20 ዙር ቁጠሩ፣ ልቀቁ። ዓይን ከ15 እስከ 20 ሜትር ፊት ለፊት ይይ። መያዣውን ለማግኘት አንገት ከሰበራችሁ ጎማው ተከትሎ ይሰበራል፤ እጅ ቦታውን ሳያይ ማግኘት አለበት።

3. ጣቶቹ ሲለምዱ ሙሉ መዳፍ ጨብጡና 3 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን እንደምታነሱ ያህል ወደ ላይ ሳቡ። ክርኑ ታጥፎ ወደ ጎን ይጠጋ፣ እጁ ከእምብርት ፊት ለፊት ይሁን። ቀኝ እጅ ከቀኝ ትከሻ አቅጣጫ ከሳበ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ እናንተም ለመመለስ ወደ ግራ ትጋደላላችሁ። ሳታውቁት አንድ ትከሻ ወድቆ ወገብ የሚታመመው በዚህ ነው።

4. ነፃው እጅ ጎን ላይ ዘና ብሎ ይዘርጋ። አየር እየቀዘፈ ከሆነ ፍጥነታችሁ አንሷል ማለት ነው። ወሎ ውስጥ መንገድ ላይ ሰውን ሰላም ሳይሉ አይታለፍምና ይህ እጅ ለሰላምታም ያገለግላል፤ አንገት ዘወር ሳይል እጅን ብቻ ከፍ ማድረግ ራሱ ጥሩ የሚዛን ልምምድ ነው።

5. በየ200 ሜትሩ እጅ ቀይሩ። የምትቀያይሩት መጀመሪያ ሁለተኛውን እጅ አምጥታችሁ፣ ሁለቱም ለአንድ ዙር አብረው ይዘው፣ ከዚያ የመጀመሪያውን በመልቀቅ ነው። ይህች አንድ ዙር ለሁለት እጅ መያዝ የመጀመሪያ ትምህርት ናት፤ ቀስ እያላችሁ ወደ 5፣ ወደ 20፣ ወደ 100 ዙር አሳድጓት።

ሁለት እጅ መያዣው ላይ ሲሆን ሚዛን በክንድ ሳይሆን በወገብና በትከሻ ይጠበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ክንዶቹን አድርቆ ቱቦውን እንደ ብስክሌት መሪ ለማዞር ይሞክራል። ይህ ቱቦ መሪ አይደለም። መዞር ከፈለጋችሁ ወደምትዞሩበት አይታችሁ ዳሌያችሁን አዙሩ፣ መያዣው ዳሌውን ተከትሎ ይሄዳል። ጠበብ ያለ መዞሪያ ሲሆን ደግሞ በሚዞሩበት በኩል ያለውን እጅ ልቀቁ።

ሜዳ ላይ ሁለት እጅ ይዞ ጎንበስ ማለት ነፋስ ይቀንሳል፣ ወገብንም ያሳርፋል። ክንድ ላይ ማረፍ ይቻላል፣ ግን ቀለል ብሎ፤ የሰውነቱን ሩብ እንኳ ቱቦው ላይ የጣለ ሰው ጎማው በአንድ ጠጠር ቢዘገይ በአፍንጫው ይሄዳል። ራሳችሁን ለመፈተን በየደቂቃው ሁለቱንም እጅ ለአንድ ዙር ከፍ አድርጉ። ጎማው ሳይናወጥ ከቀጠለ ክብደታችሁ ቦታው ላይ ነው። ወደ ፊት ከፈነጠረ ተንጠልጥላችሁ ነበር።

ዳገት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ ዋናው ትግል ሐረጎ ላይ ነው። ይህን ለመውጣት 150 ሚሊ ሜትር የፔዳል ክንድ ምረጡ። 125ቱ ሜዳ ላይ ፈጣን ነው፣ ሐረጎ ላይ ግን ለተመሳሳይ ዳገት አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል።

ዳገት ላይ መሳብ በልክ የሚመጣ ነገር ነው። የፔዳሉ ክንዶች አግድም ሲሆኑ ሳቡ፤ ቀጥ ብለው አንዱ ላይ አንዱ ታች ሲሆኑ ስቦውን አላሉት። ክንዶቹ ቀጥ ባሉበት ቅጽበት እግር ጎማውን ማዞር ስለማይችል ያኔ መሳብ ኮርቻውን ብቻ ያነሳል፣ ሚዛንንም ያሳጣል። ምቱን የምታገኙት በትንፋሽ ነው፦ እግር ሲጫን ማስወጣት። ቀኝ እግር ሲጫን ቀኝ እጅ፣ ግራ ሲጫን ግራ እጅ ትንሽ ጠንከር ብሎ ከሳበ የብስክሌቱ መጠማዘዝ ይጠፋል። አንድ እጅ ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ስቦው በሁለቱም እግር እኩል እንዲሆን ይጠንቀቅ።

ከኮርቻው ሙሉ ለሙሉ መነሳት የሚጠቅመው ለአጭር ቀጥ ያለ ቦታ፣ ለ10 ወይም ለ15 ዙር ብቻ ነው። ሲነሱ ኮርቻው በጭን መሐል ይቆንጠጥ፣ እጅ ወደ ሆድ ይሳበው። ከዚያ በላይ ልብ ከእግር ቀድሞ ይደክማል። ጎማው ሊቆም ሲል ካወቃችሁ በክብር ውረዱ፤ ቆሞ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ወደ ኋላ የሚንከባለል ባለ 36 ጎማ ላይ መታገል ጉልበትን ይጎዳል።

ፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ሲመጣ አንድ እጅ ልቀቁ፣ በሌላው ሳቡ፣ ከኮርቻው ሁለት ጣት ያህል ተነሱ፣ የፔዳሉ ክንዶች አግድም ሆነው ጎማው ጉብታውን እንዲነካ አስልታችሁ ድረሱ። በሁለት እጅ ጎንበስ ብሎ ጉብታ መምታት የጥርስ ጉዳይ ነው።

ቁልቁለትና ፍሬን

ፍሬን ካለ ማንሻው ከኮርቻው አፍንጫ ሥር ወይም ከቱቦው ጫፍ አጠገብ ይታሰራል፣ የሚጫነውም በአንድ ጣት ነው። የቀሩት ሦስት ጣቶች መያዣውን አይልቀቁ። ፍሬን ሲያዝ ሰውነት ወደ ፊት መወርወር ስለሚፈልግ በተመሳሳይ ጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ብላችሁ መያዣውን ወደ ላይ ሳቡ። በአንድ ጊዜ ጥርቅም ማድረግ የለም፤ ትንሽ ይዛችሁ እግራችሁ ቀሪውን ያግዝ። ሜዳ ላይ ቀለል ያለ ፍሬን እንደያዛችሁ 100 ሜትር መርገጥ ካልቻላችሁ ቁልቁለት አትሞክሩ።

ሐረጎን ቁልቁል በዚህ ጎማ መውረድ ለወራት የተለማመደም ሰው ደጋግሞ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጉም ይወርድበታል፣ ረጅም ስለሆነም በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ቸርኬውን ያግለዋል፣ አያያዙም ይላላል። የምትወርዱ ከሆነ ሰፋ ያለ ዳር ባገኛችሁ ቁጥር ቁሙ፣ ይብረድ፣ በባዶ እጅ አትንኩት። እግር መንቀጥቀጥ ከጀመረ ባጃጅም ሆነ ሚኒባስ ላይ ጭኖ መውረድ ነውር የለበትም።

ስትወድቁ

ከትልቅ ጎማ ላይ የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት፣ በእግር እየሮጡ ነው። መያዣው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ በፊት የወጣ ቱቦ ልብስ ይይዛል። ሽርጥ፣ ጋቢ፣ ረጅም ነጠላ ለብሶ ቱቦ ባለው ብስክሌት ላይ መውጣት አይገባም፤ ሸሚዝም ቢሆን ሱሪ ውስጥ ይከተት። ዝግ ባለ ፍጥነት ላይ አንድ እጅ ኮርቻውን ይዞ ከመሬት ሊያድነው ይችላል። በፍጥነት ላይ ግን ሁለቱንም ልቀቁ፣ ብስክሌቱ ይውደቅ፣ እናንተ ሩጡ። የእጅ አንጓ መከላከያ ስትመርጡ መዳፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ መያዣውን ለመጨበጥ እንዳይከለክል አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ጠንካራ ጓንት ከማይጨበጥ መከላከያ ይሻላል። የራስ ቁር ግን ለድርድር የማይቀርብ ነው።

ብስክሌቱ ክፉኛ ከወደቀ በኋላ ኮርቻው መዞሩን እንደ መጀመሪያው አንድ ዓይን ጨፍናችሁ እዩ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ። በቤት የተሠራ ቱቦ ከሆነ የብየዳውን ዙሪያ በጨርቅ ጠርጋችሁ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልጉ። ካለ ያን ቀን በአጭሩ መያዣ ብቻ ተመለሱ።

መንገድና ሰው

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የመያዣ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው የሚፈተንበት ነው፤ መውጫና መውረጃ ስላለው አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ስቦና ፍሬን ሁሉንም በአንድ ጠዋት ያስደግማል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚያቀና የጭነት መኪና መንገድ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚነዳው አየር መጀመሪያ ወደ ዳር ይገፋል፣ ካለፈ በኋላ ወደ መሐል ይስባል። ድምፁን ስትሰሙ ከመሐል በኩል ያለውን እጅ ልቀቁና ዘርጉት፣ በዳሩ እጅ መያዣውን ጠበቅ አድርጉ፣ መኪናው እስኪርቅ አትቀይሩ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ግመልና ፍየል መንገዱን ይሞላዋል፣ ግመል ደግሞ ከፍ ብሎ የሚሄድ ሰው ሲያይ ይደነብራል። ያን ቀን ሌላ መንገድ ምረጡ፣ ወይም መንጋው ሲታይ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመያዣው ይዛችሁ በእግር እለፉ። ቀብር ሲያልፍም ወርዶ መቆም ነው።